የጊምቢቹ መዋጮ አዳማ ሲገባ

ጊምቢቹ በምሥራቅ ሸዋ፣ ከቢሾፍቱ ወደ ላይ የሚገኝ ደጋማ ወረዳ ነው። ከተማው ጨፌ ዶንሳ ነው፤ ገበሬው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ያመርታል። በ2003 ዓ.ም መንግሥት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህንን በ13 ወረዳዎች ሲሞክር ከኦሮሚያ የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። ከአማራ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ገቡ፤ የቀሩት ከትግራይና ከቀድሞው ደቡብ ክልል ናቸው። ዛሬ መድህኑ በአገሪቱ አብዛኞቹ ወረዳዎች ተዘርግቷል፤ ከገጠር አልፎም ወደ ከተሞች ገብቷል። በገበሬ ልክ የተሰፋው ልብስ ለአዳማ ባጃጅ ነጂና ለጉሊት ነጋዴዋ ይሆናቸዋል ወይ? ለዚህ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ስፌቱን ማየት ይበጃል።

በሙከራው መመሪያ መሠረት በቅድሚያ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ «እንግባበት ወይስ ይቅርብን» ብሎ ይወስናል። ቀበሌው ከገባ በኋላ መመዝገብ አለመመዝገብ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ፈቃድ ነው። (ቀበሌ ኮታ ሲሰጠው «ፈቃድ» እንዴት እንደሚቀጥን ገጠር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ይህን እዚህ ልተወው።) በሙከራው ዘመን በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በወር 15 ብር፣ በዓመት 180 ብር ነበር። ከባል፣ ከሚስትና ካልደረሱ ልጆች ሌላ በቤቱ የሚኖር ሰው ካለ ጥቂት ይጨመርበታል። ፌዴራል መንግሥት መዋጮውን በከፊል ይደጉማል። መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው ለይቶ ያቀርባል፣ የእነሱን ድርሻ ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። ከዚያ ወዲህ መዋጮው ብዙ ጊዜ ጨምሯል፤ በቤተሰብ ብዛትና በከተማ ወይም በገጠር መኖርም ይለያያል።

ምዝገባው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ አባት ከስድስት ልጆቹ አስም ያለባትን ብቻ ላስመዝግብ ቢል፣ ጎረቤቱም ነፍሰ ጡር ሚስቱን ብቻ ቢያስመዘግብ፣ ቋቱ ውስጥ የሚገቡት ሕሙማን ብቻ ይሆናሉ፤ ገንዘቡም በጥቂት ወራት ያልቃል። መድህን የሚቆመው ዘንድሮ ሐኪም ቤት ደጃፍ ባልደረሱ ሰዎች ገንዘብ ነው። ምዝገባውና እድሳቱ በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ብቻ ክፍት የሚሆነውም ለዚሁ ነው። በፈለጉት ቀን መግባት ቢቻል ሁሉም ሰው ትኩሳቱ እስኪነሳበት ይጠብቅ ነበር።

የከፈለ ሰው ደብተሩን ይዞ ውል ወዳለበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት፣ ለመኝታም ከኪሱ አይከፍልም። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። በሙከራው ሥርዓት ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ ሰብስቦ ለወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ እዚያ ያሉት ጥቂት ሠራተኞች መርምረው ይከፍሉታል። የጽሕፈት ቤቱን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ስለዚህ ነገሩ ስሙ ማኅበረሰብ አቀፍ ቢሆንም፣ ግማሽ ጎኑ የመንግሥት ነው።

«እድር እያለን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በወር ማዋጣትን፣ ደረሰኝ መቁረጥን፣ ገንዘብ ያዥን መቆጣጠርን ሕዝቡ የተማረው ከእድር ነው። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ወይም ክፉ ቀን የደረሰበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል። ነገር ግን እድር የሚከፍለው ለሞት ነው። ሞት አንዴ ነው፤ ዋጋው በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል፤ ሳይሞት ሞትኩ ብሎ የሚመጣም የለም። ሕመም ግን ይመላለሳል፣ ዋጋው አስቀድሞ አይታወቅም፣ የአንድ የኩላሊት ታማሚ ወጪ የመንደሩን ካዝና ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ሁለት መቶ አባል ያለው እድር ይህን አይችልም። ቋቱ በወረዳ ደረጃ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው፤ አሁን ደግሞ ወረዳም ጠባብ ነው እየተባለ ወደ ዞንና ወደ ክልል ከፍ የማድረግ ሥራ ተጀምሯል።

ወደ አዳማ እንውረድ። የጊምቢቹ ገበሬ መዋጮውን የሚከፍልበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ ምርት ገብቶ እህሉ ሲሸጥ። ሰብሳቢው ያንን ሳምንት ካገኘ ሥራው ተሠራ። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ሳምንት የለም። ባጃጅ ነጂው ገንዘብ የሚያገኘው በየቀኑ ነው፤ የሚያጠፋውም በየቀኑ። የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ ቁጭ አድርግ ሲባል ገንዘቡ ባይበዛም በእጁ የለም። የኪራይ ቤት የሚቀያይር ሰው ዘንድሮ የተመዘገበበት ቀበሌ ለከርሞ ላያገኘው ይችላል። «ቤተሰብ» የሚለውም ያስቸግራል፤ ሦስት ወንደላጤ የቀን ሠራተኞች አንድ ክፍል ቢከራዩ አንድ ቤት ናቸው ወይስ ሦስት? ገጠር ላይ ጎረቤት የሚመሰክረውን ከተማ ላይ ወረቀት ካልመሰከረው ማንም አያውቀውም።

ደመወዝተኛው መንገዱ ሌላ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞቹን በራሱ ሆስፒታል ሲያሳክም ኖሯል፤ ባቱ ላይ የአበባ እርሻው ያቋቋመው ሼር ሆስፒታል አለ። ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የማኅበራዊ ጤና መድህን ታውጆ ነበር፤ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ቢደነገግም ሥራ ላይ መዋሉ ከዓመት ዓመት ሲገፋ ኖሯል። እንግዲህ የማኅበረሰቡ መድህን የተረፈው ፔሮል ላይ ስሙ ለሌለ ሰው ነው።

እኔ ሳስበው ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚበጀው ሰብሳቢ ገንዘቡ በሚያልፍበት በር ላይ የሚቆም ነው። እንዲህ ያለ በር በአካባቢው አለ። ሞጆ የሚገኘው የሉሜ አዳማ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመ፣ በአገሪቱ ከቀደምቶቹ ዩኒየኖች አንዱ ነው። መቂ ላይ የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን አለ። የሽንኩርትና የቲማቲም ሒሳብ ሲከፈል መዋጮው አብሮ ቢቆረጥ፣ ገንዘብ ሰብሳቢ ቤት ለቤት መዞሩ ይቀራል። በመስኖ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚያመርት ሰውም በየምርቱ ከፋፍሎ መክፈል ይቀለዋል።

ይህ የተሞከረ ነገር ነው። በሕንዷ ካርናታካ ግዛት የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዴቪ ሼቲና የግዛቲቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሻስቪኒ የሚባል የገበሬዎች መድህን ጀመሩ። ሲጀመር የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ በዓመት 60 ሩፒ ይከፍል ነበር፤ ሰብሳቢው የራሱ ማኅበር ነበር። ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ውል የገባ ሆስፒታል በነፃ ያክመው ነበር። መዋጮው ብቻውን አልበቃም፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጨመረ፣ የመንግሥት ድጎማም አልተለየውም። የእኛ ማኅበራትም ይህን ቢያደርጉ የሚጎድል አለ። ማሳ ያለው አባል ይሆናል፤ ቲማቲሙን በቀን ሒሳብ የሚለቅመው፣ ሽንኩርቱን ጭኖ አዳማ የሚያራግፈው ግን አባል አይደለም። ለእሱ በሳምንት በሞባይል ጥቂት ጥቂት የሚከፈልበት መንገድ ካልተገኘ፣ ኅብረት ሥራው የሚያድነው ቀድሞም የተሻለውን ነው።

ሰው እድሳቱን የሚተወው ግን ብዙውን ጊዜ በመዋጮው የተነሳ አይደለም። ከጤና ጣቢያው የመድኃኒት መስኮት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ነው። ከግል ፋርማሲ በራሱ ገንዘብ የገዛ አባል «ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለሙያው አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ለሰጠው አገልግሎት ሒሳቡ ከዘገየበት መድኃኒቱን በምን ይተካል? አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ከቀይ መስቀልና ከማኅበረሰብ ፋርማሲዎች ጋር ውል በመግባት ቀዳዳውን ለመድፈን ይሞክራሉ። ስለዚህ በምዝገባ ወቅት ቀበሌ የሚሄድ የአዳማ ነዋሪ፣ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተመደብኩት የትኛው ጤና ጣቢያ ነው? ሪፈር ቢጻፍልኝ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ውል አለው ወይ? መድኃኒት ካለቀስ በደብተሬ የሚሰጠኝ ፋርማሲ የት ነው?