ስለ እናት ጡት ወተት ባንክና ስለ ጥንቃቄው ሥርዐት

ሕፃኑ ሙሴ ከወንዝ ዳር በተገኘ ጊዜ የፈርዖን ልጅ የምታጠባው ሴት አስፈለገቻት፤ የተጠራችውም የገዛ እናቱ ነበረች። ነገር ግን ይህ ዕድል ለሕፃን ሁሉ አይገጥምም። እናቱ የሞተችበት ወይም የታመመችበት፥ ይልቁንም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፥ የሌላ እናት ወተት ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያም የጡት ልጅነት ከሥጋ ዝምድና ያላነሰ ኪዳን ሆኖ ኖሯል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የመጀመሪያው የእናት ጡት ወተት ባንክ ተከፈተ። በብራዚልም በ1943 የተጀመረው ሥራ ዛሬ ከ200 በላይ ባንኮችን የሚያስተባብር ሆኗል። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ኤች አይ ቪ በወተት እንደሚተላለፍ በታወቀ ጊዜ ብዙ ባንኮች ተዘጉ። ሥራው እንደ ገና የታመነው ጥብቅ ሥርዐት ስለ ተበጀለት ነው።

ሥርዐቱም ይህ ነው። ወተት የምትሰጠው እናት ስለ ጤናዋና ስለምትወስደው መድኃኒት ትጠየቃለች፤ ደሟም ስለ ኤች አይ ቪ፥ ስለ ጉበት በሽታና ስለ ቂጥኝ ይመረመራል። ወተቱ በ62.5 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ተሐዋስያን እንዳይኖሩበትም ይመረመራል። ከሰጪዋ እስከ ተቀባዩ ሕፃን ድረስ ያለው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። በእስልምና ሃይማኖት ከአንዲት ሴት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ተቈጥረው ስለማይጋቡ፥ የሰጪዋ ማንነት መታወቁ ለሃይማኖትም ይጠቅማል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ የእናት ጡት ወተትን ከደም ጋር አንድ ላይ ደነገገ፤ ሰጪዋም በፈቃዷ ያለ ዋጋ እንድትሰጥ አዘዘ። የድኻ ሴት ወተት ለገበያ ከዋለ የራሷ ልጅ ይራባልና ይህ ትእዛዝ ተገቢ ነው።

ሆኖም ሙቀቱ በሽታውን ሲገድል ከወተቱ በሽታን የሚከላከለውን ኀይል በከፊል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምንጊዜም የገዛ እናቱ ወተት ይቀድማል። እርሷ ስታጣ ግን የተመረመረው የሌላ እናት ወተት፥ ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን ከብርቱ የአንጀት በሽታ ከዱቄት ወተት ይልቅ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ሕግ አውጪዎች ሁለት ነገር ሊያስቡ ይገባል። ሥርዐቱ ከላላ በሽታ በምጽዋት ስም ይገባል፤ ድኻ ሆስፒታል ሊሸከመው እስከማይችል ከከበደ ደግሞ ባንኩ ይዘጋል፥ ሕፃኑም ይሞታል። ካህናትም ይህ ስጦታ ነውር ሳይሆን ምጽዋት መሆኑን ቢያስተምሩ፥ ሕግና ርኅራኄ ተባብረው ደካማውን ሕፃን ያሳድጉታል።