በገመድ የተሰፋው መርከብ

አፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ባሕር ተሻግረው የመን ውስጥ በነበረው በሂምያር መንግሥት ላይ ሲዘምቱ፣ የአዱሊስ ወደብ በሆነችው በገበዛ ብዙ መርከብ ተሰብስቦ ነበር። የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ ገድል መርከቦቹን በየመጡበት ወደብ ይቆጥራቸዋል፤ ከቁልዝም 20፣ ከአይላ 15፣ ከህንድ 9፣ ከፋራሳን ደሴቶች 7 እያለ ከሌሎቹ ወደቦች ጋር 60 ያደርሳቸዋል። ንጉሡም በህንዶች አሠራር 10 መርከብ አሠርተው ጨመሩበት።

በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ የህንድ ባሕር መርከቦች ነገር ግርም ብሎታል። ሬንጅ አይቀቡም፤ ሳንቃዎቻቸውም የተያያዙት ያለ ምስማር፣ በገመድ ብቻ ነው። በጊዜው ሰዉ ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ ይል ነበር። ፕሮኮፒየስ ግን ብረት የበዛባቸው የሮማውያን መርከቦች በቀይ ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልነካቸውም ብሎ ወሬውን ይጥለዋል። በእሱ አስተያየት ህንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፤ ሮማውያን እንዳይሸጡላቸውም ሕግ ይከለክላል።

ይህም ቢሆን አያስኬድም። ከፕሮኮፒየስ 500 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የተባለው የባሕር ንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የህንድ ብረትና አረብ ብረት ይቆጥራል። ብረቱ በወደቡ እየተራገፈ መርከቡ በገመድ ይሰፋ ነበር ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ስፌትን የመረጡት ባሕራቸውን ስለሚያውቁ ነው።

ሥራው ከገመዱ ይጀምራል። የኮኮናት ልጣጭ ለወራት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲለሰልስ ይወቀጥና ቃጫው ተለይቶ በእጅ ይገመዳል። ከዚያ ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ፤ በየጠርዙም ትይዩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። መጋጠሚያው ላይ ቃጫ ይጎዘጎዝና አንዱ ሠራተኛ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆነው ገመዱን እየተቀባበሉ ይሰፋሉ። እያንዳንዱ ዙር በዱላ እየተጠመዘዘ እስኪከር ድረስ ይሳባል፤ እዚህ ላይ የላላ ስፌት ባሕር ላይ ውኃ ያስገባል። ከዚያም ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ውኃ ውስጥ የሚውለው አካል ከስብ ጋር የተለወሰ ኖራ ይቀባል።

እ.ኤ.አ. በ1183 ከአንዳሉስ ተነሥቶ ወደ መካ ይጓዝ የነበረው ኢብን ጁበይር በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በአይዛብ ወደብ እነዚህን መርከቦች በቅርብ አይቷል። ሸራቸው ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነው። ሳንቃው ስብ፣ የጉሎ ዘይት ወይም የሻርክ ዘይት ይቀባል፤ ከሁሉ የሚሻለው የሻርኩ ነው ይላል። የቅባቱ ጥቅም ባሕሩ ኮራል የሞላበት ስለሆነ እንጨቱ እንዲለሰልስ ነው። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ኢብን ባቱታም ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፤ በምስማር የተመታ መርከብ ዓለት ሲነካ ይሰበራል፣ የተሰፋው ግን እየተሳበ ይተርፋል። ኢብን ጁበይር የባለቤቶቹን ስግብግብነት ግን አልማረም። በአንድ ጉዞ የመርከቡን ዋጋ ለመመለስ ሲሉ ወደ መካ የሚሄዱትን ተሳላሚዎች አንዱ በሌላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይጭኗቸው ነበር።

ለመርከቡ ልስላሴ ዋጋ የሚከፍሉት መርከበኞቹ ነበሩ። ስፌቱ ውኃ ማስገባቱ ስለማይቀር ቀንም ሌሊትም ሲጨልፉ ይኖሩ ነበር፤ ገመዱንም እንዳይበሰብስ ዘይት ያጠጡት ነበር። የመርከቡ መሪ መንገዱን የሚያውቅበት መሣሪያ ደግሞ ካማል ይባላል፤ ባለ ቋጠሮ ክር የታሰረባት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ናት። ክሩን በጥርሱ ይዞ የሰሌዳዋን ታችኛ ጠርዝ ከአድማስ፣ ላይኛውን ከሰሜን ኮከብ ጋር ያስተካክላል። ጥርሱ ላይ የደረሰው ቋጠሮ ከሚፈልገው ወደብ ቋጠሮ ጋር ሲገጥም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይታጠፋል።

ማርኮ ፖሎ በሆርሙዝ እነዚህን መርከቦች አይቶ እጅግ መጥፎ ናቸው ብሎ ነበር። ማስረጃው የሚፈርደው በእሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ አንድ የተሰፋ መርከብ ከባሕር ወለል ላይ ተገኘ፤ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ዕቃ ጭኖ ነበር፣ ከጎድጓዳ ሳህኖቹ አንዱም እ.ኤ.አ. 826ን የሚያመለክት ቀን ተጽፎበታል። ኦማን ውስጥ ባለሙያዎች ያንን መርከብ መነሻ አድርገው 18 ሜትር የሚረዝም፣ አንድም ምስማር የሌለበት መርከብ ሰፉ፤ የሙስካት ዕንቁ ብለውም ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ከሙስካት ተነሥቶ ኮቺንን፣ ስሪላንካንና ማሌዢያን እየነካ በጁላይ ሲንጋፖር ገባ። ኦማንም ለሲንጋፖር ሕዝብ በስጦታ አበረከተችው።