የዐባይ ምንጭ አፈር፤ ትናንትና ዛሬ

በሰከላ ከግሽ ተራራ ግርጌ ጠርቶ የሚፈልቀው ግዮን (ዐባይ) ወርዶ በክረምት የሚደፈርሰው፣ የጮቄና የአካባቢው ተዳፋት ደን በየዘመኑ ተመንጥሮ ማረሻ እስከ አፋፉ ስለ ወጣበት ነው።

ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰው ማሳ ራቁቱን ሳለ የሰኔና የሐምሌ ዝናም ሲወርድበት፣ ነጠብጣቡ አፈሩን አድቅቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ መስረግ የተሳነው ውኃም በትልሙ ተንደርድሮ ቦይ፣ ቦዩም ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል፤ ስለዚህም ጐርፉ እጅግ የሚደፈርሰው በክረምቱ መባቻ እንጂ ቡቃያው ምድርን በሸፈነበት በነሐሴ ማለቂያ አይደለም። ይኸው ደለል ድንበር ተሻግሮ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተፈጸመውን የሱዳኑን የሮዛሪስ ግድብ ሲሶ የሚያህል የመያዝ አቅም ነሥቶታል።

ነገር ግን ጥፋቱ መድኃኒት አላጣም፤ በደምበጫ አቅራቢያ በምትገኘው በአንጀኒ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚካበው የፋንያ ጁ እርከን፣ ተዳፋቱን በዓመታት ሂደት ወደ ደረጃ ለውጦታል፤ በፋግታ ለኮማ ወረዳም ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዛፍ የተራቆተውን ምድር አልብሶታል።

ስለዚህ በየደብሩ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፤ በጥር የአፈር ጥበቃ ዘመቻ የካባችሁትን እርከን ሰኔ ሳይገባ ጠግኑ፤ ልቅ ግጦሽንም ከልክሉ፤ እንክብካቤ ያላገኘ እርከን ይፈርሳልና።