614 ዓመተ ምሕረት በየሕዝቡ አቈጣጠር

በእኛ አቈጣጠር 614 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮጳውያን ዘንድ ከ621 እስከ 622 የሚባለው ዘመን፣ በውስጡ የኖሩት ሕዝቦች እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው መነሻ እየቈጠሩ ልዩ ልዩ ስም የሰጡት ዓመት ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምረው ስለሚቈጥሩ 338 ዓመተ ሰማዕታት አሉት፤ ሶርያውያን ከሰሌውቅያ ነገሥታት በወረሱት ቀመር 933 ብለው ቈጠሩት፤ በቻይናም የታንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ጋኦዙ በሰየመው ዘመን «የዉዴ 5ኛ ዓመት» የገባው በዚሁ ዓመት ነው።

በባሕረ ሐሳብ ስንመረምረው፣ ከፍጥረተ ዓለም 6114 ሆኖ ለአራቱ ወንጌላውያን ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ፣ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ወንበሩ 14፣ አበቅቴው 4፣ መጥቅዑ 26 ይወጣል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 30 ይገባል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 9 ይውላል። ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት፣ ኋላ ዕፀ መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው የሮም ንጉሥ ሕርቃል ፋሲካን በቍስጥንጥንያ አክብሮ፣ በማግስቱ ሰኞ የፋርሱን ንጉሥ ኮስሮስን ለመውጋት የዘመተው በዚህ ዓመት ነበር፤ ቀመሩና ታሪኩ እንዲህ ሲገናኙ ማየት የሊቃውንታችንን ድካም እጅግ ያስከብራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሐምሌ 22 ቀን ዓርብ ነው። ዛሬ የእስልምና አቈጣጠር የሚነሣበት ይህ ዕለት፣ በዚያን ጊዜ ማንም የዘመን መጀመሪያ ነው ሳይለው አለፈ። ነቢዩ መሐመድ ወደ መዲና የደረሱት በመስከረም 615 ሲሆን፣ ስደታቸው (ሂጅራ) የዘመን መነሻ፣ የዓመቱም መባቻ ሙሐረም እንዲሆን የተወሰነው ከ16 ዓመት ያህል በኋላ፣ በኸሊፋ ዑመር ዘመን ነው። ቀደም ሲል ከመካ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር የተጠለሉት እነ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ነቢዩ መዲና ሲደርሱ ገና አልተመለሱም ነበርና፣ የሂጅራን አንደኛ ዓመት ያሳለፉት በዚሁ በአገራችን ነው። የእስልምናው ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድም ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ሁለቱን በመቀነስ ብቻ ማስታረቅ አይቻልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጥንት ብራና ገልጠህ «ዓመተ ምሕረት» የሚል ቍጥር ብታገኝ፣ አባቶቻችን በዚህ ስም የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመርም ይቈጥሩበት ነበርና፣ ከየትኛው መነሻ እንደ ተቈጠረ ሳትመረምር ወደ ዛሬው ዘመን አትመልሰው።