አንዱ ላቦራቶሪ «አለ»፣ ሌላው «የለም»

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ታይፎይድና ታይፈስ። የታዘዘለት መድኃኒት አላሻለው ብሎ በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ቢመረመር «ታይፎይድ የለብህም፣ ታይፈስ ብቻ ነው» ሊባል ይችላል። ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ሁለቱም ቀርተው ወባ ይገኝበታል። ቤተሰቡ ከአንደኛው ላቦራቶሪ የወጣው ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የዋሸ የለም፤ ምርመራዎቹ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል እንጂ።

አንዳንዱ የደም ምርመራ ጀርሙን ራሱን ይፈልጋል። ባለሙያዎች ቢኤፍ በሚሉት ምርመራ ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በካልቸር ደግሞ ደሙ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያው እስኪበቅል ይጠበቃል። ሌላው ዓይነት ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሲመጣ ዘግይቶ ነው፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ ቶሎ አይሄድም። ስለዚህ በሽተኛው ገና መታመም ሲጀምር ውጤቱ ኔጌቲቭ፣ ከዳነ ከወራት በኋላ ደግሞ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ሰውነት ከዚህ ቀደም ምን እንደገጠመው ይናገራል፤ ዛሬ ያተኮሰው ያ ስለመሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም።

ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል እንዲህ ያለ ምርመራ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። የበሽተኛው ሰረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሞቱ የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ጋር ይደባለቃል፤ አንቲቦዲ ካለበት ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይቋጠራሉ። ወረቀቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» ተብለው የሚጻፉት የባክቴሪያው ሁለት ክፍሎች ናቸው። የ«ኦ» አንቲቦዲ ከታመሙ ከሳምንት ገደማ በኋላ ብቅ ብሎ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ የ«ኤች» ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። 1፡80 ወይም 1፡160 የሚሉት ቁጥሮች ሰረሙ ምን ያህል ቀጥኖም እንደሚያቋጥር ያመለክታሉ። ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን አንቲቦዲው ብዙ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ የሚፈጠርበት ቦታ ብዙ ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰውም 1፡80 ሊያሳይ ስለሚችል አንዱ ላቦራቶሪ ይህንኑ ቁጥር ፖዘቲቭ ሲለው ሌላው አይለውም። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ሳልሞኔላ የተባሉ ባክቴሪያዎችም ሆኑ ወባ ዊዳልን ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከዚህ በላይ የሥራው ጥንቃቄ አለ። በስላይድ ላይ የሚሠራው ፈጣን ዓይነት በተወሰነለት ደቂቃ ካልተነበበ የሚደርቀው ጠብታ ራሱ የተቋጠረ ይመስላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ያልተቀመጠ ኬሚካልም አያስተማምንም።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ፣ የታይፎይድ ምልክት የታየባቸው 270 ሕሙማን በሁለቱም መንገድ ተመርምረው ነበር። ዊዳል 88ቱን ፖዘቲቭ ሲል በካልቸር የታይፎይድ ወይም የዘመዱ የፓራታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ግን 11 ብቻ ነበሩ። በርግጥ ካልቸርም ሁሉንም በሽተኛ አይዝም፤ በተለይ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የዋጠ ሰው ያመልጠዋል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። በአንድ ዊዳል ብቻ ተመርኩዞ አንቲባዮቲክ የሚሰጥ ክሊኒክ ብዙ መድኃኒት ታይፎይድ ለሌለበት ሰው እየሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስ ደግሞ ከዊዳል የባሰ ነው። ታይፈስን የሚያመጣው ሪኬትሲያ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ ይህንንም ቻርልስ ኒኮል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ አረጋግጧል። ምርመራው ግን ሪኬትሲያን አይጠቀምም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ዌይልና ፊሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከታይፈስ በሽተኛ ሽንት ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ አገኙ፤ የታይፈስ ሕሙማን ሰረም ይህን እንግዳ ባክቴሪያ እንደሚያቋጥረውም አስተዋሉ። ሁለቱ ባክቴሪያዎች ዘመዳሞች አይደሉም፤ ሰረሙ ፕሮቲየስን የሚያቋጥረው ገጽታቸው ላይ የሚመሳሰል ነገር ስላለ ብቻ ነው። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። ስለዚህ ሽንት የሚያቃጥላት ሴት ቅማል ሳይነካት «ታይፈስ አለብሽ» ልትባል ትችላለች።

ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ከሁለቱም ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው የትኩሳት ግርሻ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቦረሊያ ረከረንቲስ የተባለ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ ነው፤ ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በበርሊን ሕሙማን ደም ውስጥ አይቶት እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ። አስተላላፊው እንደ ታይፈስ ሁሉ የልብስ ቅማል ነው፤ ሰው ሲያክ ቅማሉ ይፈርጥና ጀርሙ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ከአውሮፓ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች ዋናዋ ኢትዮጵያ ናት። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግተው፣ ልብስ ሳይቀይሩ የሚከርሙ የቀን ሠራተኞች፣ እስረኞችና የካምፕ ነዋሪዎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን ገደማ ይቆይና በላብ ይለቃል። በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ሥራ ይጀምራል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ያው ትኩሳት ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ባክቴሪያው ሽፋኑን መለዋወጥ መቻሉ ነው፤ ሰውነት የመጀመሪያውን ለይቶ ሲያጠፋው ሌላ ሽፋን የለበሱ ጥቂቶች ያመልጡና ይራባሉ። የውጤት መለያየትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በትኩሳቱ ቀን ቡሬ ላይ ደም የሰጠ ሰው ቦረሊያው በቢኤፍ ወለል ብሎ ይታይበታል፤ ትኩሳቱ በለቀቀው ማግስት ፍኖተ ሰላም ላይ ቢመረመር ስላይዱ ባዶ ይሆናል። ሁለቱም ላቦራቶሪዎች ልክ ናቸው። በሽታው ታውቆ የመጀመሪያው ክኒን ወይም መርፌ እንደተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል በሽተኛው መድኃኒቱን ተቀብሎ ወዲያው ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

ወባ ላይም ተመሳሳይ ግጭት አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበዛ፣ የጤና ኬላው ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ብሎ የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ፕሮቲን ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቀር፣ ባለፈው ወር ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ይህን ፕሮቲን የማያመርቱ ጥገኞች በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ተገኝተዋል። እነሱን ፈጣኑ ምርመራ ሲያልፋቸው ማይክሮስኮፕ ያያቸዋል።

ወደ ውጭ የሄደ የጎጃም ልጅ ይህንኑ ጣጣ በሌላ ስም ያገኘዋል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂንያና በሚኒሶታ፣ በመዥገር የሚተላለፍ ላይም የተባለ በሽታ አለ፤ ጀርሙ የግርሻው ዘመድ፣ ቦረሊያ ነው። ምርመራው በሁለት ደረጃ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ወይም አጠራጣሪ ሲሆን ብቻ ሁለተኛው ይከተላል። አንደኛው ፖዘቲቭ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ከሆነ በአጠቃላይ እንደ ኔጌቲቭ ይቆጠራል። መዥገር በነከሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሁለቱም ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሐኪሙ በዚያን ጊዜ የሚያየው ቆዳ ላይ የሚሰፋውን ቀይ ክብ ነው። አገር ቤት ሳለ ግርሻ ይዞት የነበረ ሰው የመጀመሪያው ምርመራ በዝምድናቸው ምክንያት ፖዘቲቭ ሊለው ስለሚችል የድሮውን በሽታ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ለሚጋጩ ውጤቶች መፍትሔው ሦስተኛና አራተኛ ላቦራቶሪ መዞር አይደለም። በትኩሳት ጊዜ በቅድሚያ መሠራት ያለበት ቢኤፍ ነው፤ ወባንም ግርሻንም በአንድ ስላይድ ያሳያል። ዊዳል ካስፈለገ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ባለው ጊዜ በዚያው ላቦራቶሪ ሁለት ጊዜ ይሠራ፤ 1፡40 የነበረው 1፡160 ከደረሰ ያ ጭማሪ ከአንድ ቁጥር ይልቅ ትርጉም አለው። ካልቸር በየክሊኒኩ አይሠራም፤ ሐኪሙ ካዘዘው ደሙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ በቅርብ የተሄደበት ቆላ አይረሳ፤ የቀድሞዎቹ የምርመራ ወረቀቶችም አይጣሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚቃዥ፣ የሚደማ ወይም መቆም ያቃተው በሽተኛ ግን የየትኛውም ላቦራቶሪ ወረቀት ሳይጠበቅ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ።