የኒው ዮርክ «ቤቶች» እና ሥርዓታቸውን የቀረጸው ፊልም

«ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» የተባለው ፊልም፥ ትርጓሜውም «ፓሪስ እየነደደች ነው» ማለት ሲሆን፥ ጄኒ ሊቪንግስተን የተባለች አሜሪካዊት በ1980ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ከተማ ያነሣችውና በ1990 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዘመናት እንደዚሁ) ለሕዝብ የቀረበ ነው። ከትልልቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች ውጭ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፥ የጥቁሮችንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፥ እንዲሁም ወንድ ተብለው ተወልደው በሴትነት የሚኖሩትን ሰዎች ሕይወት ያሳያል።

የዚህ ማኅበረ ሰብ መሠረት «ቤት» ይባላል። ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ሳይሆን፥ የሥጋ ዘመዶቻቸው ያባረሯቸው ብዙ ወጣቶች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ዝምድና ነው። በቤቱ ላይ «እናት» ወይም «አባት» ይሾማል፤ የሚገቡትም «ልጆች» ተብለው የቤቱን ስም ይወርሳሉ። ይህ ዝምድና በስም ብቻ የቀረ አለመሆኑ በሞት ጊዜ ይታያል። ቪነስ ኤክስትራቫጋንዛ ፊልሙ ሳያልቅ በ1988 በተገደለች ጊዜ፥ መርማሪው ፎቶግራፍዋን ይዞ የመጣው ወደ ቤቱ እናት ወደ አንጂ ነበር፤ መርዶውን ለሥጋ ዘመዶችዋ ያረዳችውም አንጂ ናት።

የቤቶቹ አጀማመር ከዘር አድልዎ ጋር የተያያዘ ነው። በ1968 የወጣው «ዘ ኩዊን» የተባለ ፊልም፥ ክሪስታል ላቤዣ በ1967 በተደረገ የቁንጅና ውድድር ፍርዱ አድልዎ አለበት ብላ ስትቃወም ያሳያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የላቤዣ ቤት በስምዋ ተቋቋመ።

ቤቶቹ በሚያዘጋጁት የሌሊት ግብዣ በልብስ፥ በአረማመድና በጭፈራ ይወዳደራሉ። ከውድድሮቹ አንዱ «ሪልነስ» ይባላል፤ ይኸውም ተወዳዳሪው የመሥሪያ ቤት ሹም፥ ተማሪ ወይም ወታደር መስሎ ቀርቦ ከእውነተኛው የማይለይ መሆኑ ነው። ይህም ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ላይ መታወቅ ለድብደባ በሚያጋልጥበት ከተማ፥ ሳይታወቁ ማለፍ ሕይወትን ማዳኛ ጥበብ ነውና። የንግግርም ጥበብ አላቸው፤ ዶሪያን ኮሪ በፊልሙ እንደምታስረዳው፥ «ሪዲንግ» የሰውን ጉድለት ፈልጎ በግልጽ መንቀፍ ሲሆን፥ «ሼድ» ከዚያ የረቀቀ አሽሙር ነው።

ፊልሙ በ1991 በሰንዳንስ የፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት ሲያገኝ፥ በሲኒማ ቤቶችም ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ከተቀረጹት መካከል አንዳንዶቹ ድርሻችን ይሰጠን ብለው ጠየቁ። ይሁን እንጂ አስቀድመው የፈቃድ ወረቀት ፈርመው ስለ ነበር ክሳቸው አልተሳካም፤ በመጨረሻ 55,000 ዶላር ያህል ለ13 ሰዎች ተከፋፈለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስም፥ ከውጭ የመጣችው ነጭ አዘጋጅ ራስዋን ሳትገልጥ የሌሎችን ሥርዓት ለነጮች ተመልካቾች ትርኢት አድርጋዋለች ስትል በ1992 ነቅፋለች።

በሌላ በኩል ከዋነኞቹ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አንጂና ዶሪያን በ1993፥ ፔፐር ላቤዣ በ2003፥ ዊሊ ኒንጃ በ2006 ዐርፈዋል። ፊልሙ ባይኖር ኖሮ የቤቶቹን ሕግ ከራሳቸው አንደበት መስማት ይበልጥ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትም በ2016 ከሚጠበቁት የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ አስገብቶታል። ስለዚህ የመዝገቡ ጥቅምና የተመዝጋቢዎቹ ቅሬታ ሁለቱም እውነት ናቸው። የሌላውን ሥርዓት የሚመዘግብ ሰው የፈቃድ ወረቀት በእጁ ስለ ያዘ ብቻ ዕዳው ተከፍሎ አያልቅም፤ በተለይም ተመዝጋቢዎቹ ከዚያ ሥርዓት በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ሲሆኑ።