ማርሽ አልገባም ሲል ጥፋቱ ሁሌ የካምቢዮው ነውን?

ፒክአፕ ለብዙዎቻችን የሥራ መኪና ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ መተዳደሪያም ነው። ማርሽ ማስገባት ሲያስቸግረን «ካምቢዮው አለቀ» ብለን ወደ ጋራዥ እንሮጣለን። ካምቢዮ ማውረድ ግን ወጪው ከባድ ነው፤ መኪናውንም ለቀናት ከሥራ ያስቆማል። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት ምልክቶቹን ለይተን ማወቅ ይጠቅመናል።

ሞተር ሲጠፋ ብቻ የሚገባ ከሆነ። ሞተሩ እየሠራ ሁሉም ማርሾች አልገባ ብለው፣ ሲጠፋ ግን በቀላሉ ከገቡ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ተረግጦም ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። እንደ ሃይሉክስ ባሉ ፒክአፖች ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ፣ መጀመሪያ ዘይቱ መጉደሉንና የሚያፈስ ቦታ መኖሩን እንይ።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ። በተለይ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይህ ከታየ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ማርሽ ብቻ ሲፋጭ። ለምሳሌ ሁለተኛው ማርሽ ብቻ ሲገባ «ግርር» ካለ፣ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ማርሽ ሲቀየር ፍጥነትን የሚያስማማው ቀለበት ሲያልቅ እንዲህ ያደርጋል። የገባ ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነም ሳንዘገይ እናስመርምር።

ድምፅ ሲኖር። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ እየሠራ እናዳምጥ። ድምፁ ፍሪሲዮን ስንረግጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ስንረግጥ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ያለቀ ኩሽኔታን ችላ ማለት ጥርሶቹንም ያስበላል፤ ትንሹ ጥገና ትልቅ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የካምቢዮ ዘይት መጉደልም ለብዙ ብልሽት መነሻ ነው። ከሥር ፍሳሽ ካየን ደረጃውን እናስለካ፤ ስንሞላም የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ብቻ እንጠቀም። ሁሉም ወፍራም ዘይት ለሁሉም ካምቢዮ አይሆንም።

ከልማዶቻችንም የሚታረሙ አሉ፦ እየነዱ እግርን ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ፣ እጅን ማርሹ ላይ ጥሎ መሄድ፣ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን መያዝ፣ ከአቅም በላይ መጫን።

ያገለገለ ፒክአፕ ስንገዛ እነዚህን ሁሉ ነድተን እንፈትሽ። ስንሸጥ ደግሞ የምናውቀውን የካምቢዮ ጉድለት ለገዢው እንንገር፤ ዐይብን ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ ነውና።